ቴኳንዶ የማን ቤት ልጅ ነው?

ከፍላቂት ብዙም ሳይርቅ ዋድላ አለ። የቅኔ ተማሪ «የማን ቤት ነህ?» ሲባል ዋድላ፣ ጎንጅ ወይም ዋሸራ ብሎ ይመልሳል። የቤቱ ስም መንገዱንም መምህሩንም ይናገራል። የኮሪያው ቴኳንዶም የተወለደው እንዲህ ባሉ ቤቶች ውስጥ ነው። በአገሩ ቋንቋ «ክዋን» ይባላሉ፤ ቤት ወይም አዳራሽ ማለት ነው።

ብዙ አሠልጣኞች ቴኳንዶ የ2,000 ዓመት ዕድሜ አለው ይላሉ። እውነቱ ግን ቅርብ ነው። ኮሪያ ከ1910 እስከ 1945 እ.ኤ.አ. በጃፓን ቅኝ ግዛት ሥር ነበረች። ሊ ዎን ኩክ እዚያው ጃፓን ካራቴ ተምረው በ1944 ሴኡል ላይ ቹንግ ዶ ክዋንን ከፈቱ። ሁዋንግ ኪ በ1945 ሙ ዱክ ክዋንን መሥርተው የባቡር ሠራተኞችን አሠለጠኑ። ዩን ብዩንግ ኢን በማንቹሪያ የቻይናን፣ በጃፓን ደግሞ የካራቴን ስልት ቀስመው በ1946 በሴኡል ወወክማ ማስተማር ጀመሩ። ሮ ብዩንግ ጂክና ቹን ሳንግ ሱፕም የየራሳቸውን ቤት አቆሙ።

በ1950 ጦርነት መጣ። ዩንና ቹን በዚያው ጠፍተው ቀሩ፤ ቤታቸውን ያቆዩት ተማሪዎቻቸው ናቸው። በግንቦት 1951 የእኛው ቃኘው ሻለቃ ቡሳን የደረሰው በዚህ እሳት መሀል ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ ጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ ከናም ቴ ሂ ጋር በሠራዊቱ ውስጥ ኦ ዶ ክዋንን አቋቋሙ። «ቴኳንዶ» የሚለው ስም የወጣው ገና በ1955 ነው። የጃፓን ጥላ ያለበትን ስም ለመጣል የተመረጠ ስም ነበር። የ2,000 ዓመቱ ታሪክም የተፈለገው ለዚሁ ነው።

በ1961 ሥልጣን በወታደሮች እጅ ገባ። መንግሥት ቤቶቹ አንድ ይሁኑ ሲል ሁዋንግ ኪ እምቢ ብለው ፍርድ ቤት ድረስ ተሟገቱ። ቾይ በ1966 ዓለም አቀፉን ፌዴሬሽን ቢመሠርቱም ከመንግሥት ተጣልተው በ1972 ወደ ካናዳ ተሰደዱ። በማግሥቱ ዓመት ሴኡል ሌላ የዓለም ፌዴሬሽን አቋቋመች። ቾይ በ2002 ያረፉት ፒዮንግያንግ ላይ ነው።

በአገራችን «ወርልድ» እና «ኢንተርናሽናል» ተባብለው የሚለያዩ ሠልጣኞች የወረሱት ይህንን ጠብ ነው። ሰለሞን ቱፋ በቶኪዮ ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ የተወዳደረው በአንደኛው መስመር ነው፤ ሌላው መስመር ከኦሊምፒክ ውጭ ነው።

ችግሩ ቤቶቹ መብዛታቸው አልነበረም። ማዕከሉን የያዘው ሁሉ የሌላውን መሥራች ስም መፋቁ ነው። ቅኔ አንድ እንዲሆን ዋድላ ይዘጋ ያለ የለም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል፤ ለማበር ግን መጀመሪያ ክሩ መኖር አለበት።