የፎርድ ኤክስፕሎረር የቆዩ ሞዴሎች የተለመዱ ችግሮችና የደኅንነት ጥሪዎች

ፎርድ ኤክስፕሎረር በአሜሪካ ገበያ እ.ኤ.አ በ1990ዎቹ በመደቡ በሽያጭ ቀዳሚ የነበረ ተሽከርካሪ ነው፡፡ ከሰፊ ተወዳጅነቱ ባሻገር የአገሪቱ ምክር ቤት የተሽከርካሪ ደኅንነት ሕጉን እንዲያሻሽል ምክንያት በመሆኑም ይታወቃል፡፡ በተሽከርካሪውና በተገጠሙለት የፋየርስቶን ጎማዎች ላይ የደረሰው ችግር በአሜሪካ ብቻ ለ271 ሰዎች ሞትና ከ800 በላይ ለሚሆኑ ሰዎች የአካል ጉዳት ምክንያት መሆኑን የአገሪቱ ብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር ያሰባሰባቸው አቤቱታዎች ያመለክታሉ፡፡

ኤክስፕሎረር ብሮንኮ ቱ የተባለውን አነስተኛ ተሽከርካሪ በመተካት እ.ኤ.አ በ1990 የጸደይ ወራት የ1991 ሞዴል ሆኖ ለገበያ ቀረበ፡፡ የተሠራው ከሬንጀር ፒክ አፕ ጋር በሚጋራው ቻሲስ ላይ ሲሆን፣ የኋላው ክፍል በባሌስትራ የተሸከመ፣ ሞተሩም በጀርመን ኮሎኝ ከተማ የሚመረት ባለ 4.0 ሊትር ቪ 6 ነበር፡፡ የጭነት መኪናን ጥንካሬ ከቤት መኪና ምቾት ጋር አጣምሮ የያዘ ነው ተብሎ በመተዋወቁ በተለይ ቤተሰቦች በብዛት ገዙት፡፡ በ1990ዎቹ መጨረሻ በየዓመቱ ከ400 ሺህ በላይ ኤክስፕሎረሮች ይሸጡ ነበር፡፡

ከፍ ብሎ የተሠራ ተሽከርካሪ ከመሬት ያለው ርቀት ለመጥፎ መንገድ ቢበጅም፣ የክብደቱ ማዕከል ከፍ በማለቱ በድንገት ሲታጠፍ የመገልበጥ ዝንባሌው ከቤት መኪና ይበልጣል፡፡ ይህ የኤክስፕሎረር ብቻ ሳይሆን የመደቡ ሁሉ ባሕርይ ነው፡፡ በኋላ ለሕዝብ ይፋ የሆኑ የኩባንያው የውስጥ ሰነዶች እንደሚያሳዩት መሐንዲሶቹ ተሽከርካሪው ለሽያጭ ከመቅረቡ በፊት ስለ ሚዛኑ ተወያይተው ነበር፡፡ ከተወሰዱት እርምጃዎች አንዱም የጎማውን የአየር ግፊት ዝቅ ማድረግ ነበር፡፡ በዚህ መሠረት ፎርድ ለባለ 15 ኢንች ጎማዎቹ 26 ፒኤስአይ እንዲነፋ ሲመክር፣ ጎማ አምራቹ ግን 30 ፒኤስአይ የተሻለ መሆኑን በኋላ ላይ ገልጿል፡፡ የፎርድም ምክር ከጊዜ በኋላ ወደ 30 ከፍ ብሏል፡፡

የአራት ፒኤስአይ ልዩነት ትንሽ ይመስላል፡፡ ሆኖም ማንኛውም ጎማ በጊዜ ብዛት አየር ስለሚቀንስ፣ መነሻው 26 የሆነ ጎማ ባለቤቱ ለጥቂት ወራት ሳይለካው ቢቆይ ሙሉ ጭነት ለመሸከም ከሚበቃው ግፊት በታች ይወርዳል፡፡ አየር ያነሰው ጎማ ጎኑ በየዙሩ በብዛት ስለሚተጣጠፍ ይሞቃል፡፡ ሙቀቱም ይበልጥ የሚጎዳው ከውጭ የማይታየውን ክፍል ነው፡፡ በዘመናዊ ጎማ ውስጥ ከጥርሱ ሥር ሁለት የብረት ሽቦ ንጣፎች አንዱ በሌላው ላይ ተደርበው በላስቲክ ተጣብቀዋል፡፡ ስንጥቁ የሚጀምረው በእነዚህ ንጣፎች ጠርዝ ላይ ነው፡፡ ከዚያም ወደ ውስጥና ዙሪያውን እየሰፋ ሄዶ በፍጥነት በሚነዳበት ጊዜ ጥርሱ የላይኛውን የብረት ንጣፍ ይዞ ከጎማው ላይ ይገነጠላል፡፡

ጥርሱ የተገነጠለው ከኋላ ጎማ ከሆነ አደጋው የከፋ ነው፡፡ የኋላው ክፍል መንገዱን የመያዝ ኃይሉን ስለሚያጣ፣ የደነገጠ አሽከርካሪ ፍሬን ሲረግጥና መሪውን ሲያዞር ተሽከርካሪው ወደ ጎን ይንሸራተታል፤ ከፍታ ያለው ከሆነም ይገለበጣል፡፡ በኤክስፕሎረር ላይ ከተመዘገቡት አደጋዎች ብዙዎቹ የደረሱት በግራ የኋላ ጎማ ብልሽት ሲሆን፣ በብዛት የታዩትም ሙቀት በሚበረታባቸው በአሪዞና፣ በቴክሳስ፣ በፍሎሪዳና በካሊፎርኒያ ግዛቶች ነው፡፡

ችግሩ በአንድ ቀን የተከሰተ አልነበረም፡፡ ስቴት ፋርም የተባለው የኢንሹራንስ ኩባንያ ባለሙያ እ.ኤ.አ በሐምሌ ወር 1998 በደንበኞች ፋይል ውስጥ ያገኛቸውን 21 ተመሳሳይ የጎማ ብልሽቶች ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አሳውቆ ነበር፡፡ ምርመራ ግን አልተከፈተም፡፡ በነሐሴ ወር 1999 ፎርድ በሳዑዲ ዓረቢያና በሌሎች የባሕረ ሰላጤው አገራት በሚገኙ ተሽከርካሪዎቹ ላይ የተገጠሙትን ጎማዎች መተካት ጀመረ፡፡ በወቅቱ የነበረው የአሜሪካ ሕግ አምራቹ በውጭ አገር የወሰደውን እርምጃ ለአገሩ መንግሥት እንዲያሳውቅ አያስገድድም ነበር፡፡ በመሆኑም ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በወቅቱ ሊደርሰው ይገባ የነበረው መረጃ ሳይደርሰው ቀረ፡፡

ነገሩ በይፋ የወጣው በየካቲት ወር 2000 የሂዩስተን ከተማ የቴሌቪዥን ጣቢያ ስለ አደጋዎቹ ዘገባ ካሰራጨ በኋላ ነው፡፡ ተመልካቾች በየቤታቸው የነበረውን ታሪክ ለመሥሪያ ቤቱ ማሳወቅ ጀመሩ፤ ምርመራውም ግንቦት 2 ቀን 2000 ተከፈተ፡፡ ፋየርስቶን ነሐሴ 9 ቀን 2000 ኤቲኤክስ፣ ኤቲኤክስ ቱ እና ዊልደርነስ ኤቲ የተሰኙ፣ በአገልግሎት ላይ ይገኛሉ ተብለው የተገመቱ 6.5 ሚሊዮን ጎማዎችን እንደሚተካ አስታወቀ፡፡ ከዊልደርነስ ጎማዎች መካከል የመጀመሪያው ጥሪ ያተኮረው በኢሊኖይ ግዛት ዲኬተር ከተማ በሚገኘው ፋብሪካ በተመረቱት ላይ ነበር፡፡ ጎማዎቹ በመጀመሪያ ሙቀት በሚበዛባቸው ግዛቶች፣ ከዚያም በሌሎቹ በየተራ እንዲተኩ የወጣው ዕቅድ ተራቸውን የሚጠብቁ ባለንብረቶችን ያስቆጣ ሲሆን፣ ብዙም ሳይቆይ ሊሻሻል ግድ ሆነ፡፡ ፎርድም ለአዳዲስ ተሽከርካሪዎች የተዘጋጁ ጎማዎችን ለመተኪያ ለማዋል ሦስት ፋብሪካዎቹን ለጊዜው እስከ መዝጋት ደርሷል፡፡

ጥፋቱ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ለአንድ ምዕተ ዓመት ገደማ አብረው የሠሩትን ሁለት ኩባንያዎች አለያየ፡፡ ፎርድ ችግሩ የጎማው እንጂ የተሽከርካሪው አይደለም ሲል፣ በተመሳሳይ ኤክስፕሎረሮች ላይ የተገጠሙ የጉድይር ጎማዎች ይህን ያህል እንዳልተበላሹ በማስረጃነት አቀረበ፡፡ ፋየርስቶን በበኩሉ ተመሳሳይ ጎማ በሌሎች ተሽከርካሪዎች ላይ ያን ያህል ጉዳት አለማድረሱንና ዝቅ ብሎ የተወሰነውን የአየር ግፊት ጠቀሰ፡፡ በግንቦት ወር 2001 ፋየርስቶን ለፎርድ ጎማ ማቅረቡን እንደሚያቆም ሲያስታውቅ፣ ፎርድ ደግሞ በማግሥቱ 13 ሚሊዮን የዊልደርነስ ኤቲ ጎማዎችን በራሱ ወጪ እንደሚተካ ገለጸ፡፡ በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር የፎርድን ሥራ አስፈጻሚ ጃክ ናስርን የተኩት ዊልያም ክሌይ ፎርድ ጁኒየር በአባታቸው የሄንሪ ፎርድ፣ በእናታቸው የሃርቪ ፋየርስቶን የልጅ ልጅ ልጅ ናቸው፡፡

ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በጥቅምት ወር 2001 ባወጣው ውጤት፣ እስከ 1998 ድረስ በተመረቱ የዊልደርነስ ኤቲ ጎማዎች ላይ በብረት ንጣፎቹ ጠርዝ መካከል የሚገባው ላስቲክ ውፍረትና የጎማው ትከሻ ቅርጽ ጉድለት እንዳለበት ደመደመ፡፡ በዚህም 3.5 ሚሊዮን ተጨማሪ ጎማዎች እንዲመለሱ ተደረገ፡፡ ኤክስፕሎረር ራሱ እንዲመረመር ፋየርስቶን ያቀረበው ጥያቄ ግን በየካቲት ወር 2002 ውድቅ ሆነ፤ ለዚህም የተሰጠው ምክንያት ተሽከርካሪው ጥርሱ የተገነጠለ ጎማ ሲያጋጥመው ከሌሎች መሰሎቹ የባሰ አለመሆኑ ነው፡፡ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2004 ባሳተሙት ጥናት በዲኬተር ፋብሪካ በ1990ዎቹ አጋማሽ በነበረው የአሠሪና ሠራተኛ ግጭት ወቅት የተመረቱ ጎማዎች ይበልጥ ብልሽት እንደነበረባቸው አመልክተዋል፡፡ ፋብሪካው በ2001 መጨረሻ ተዘግቷል፡፡

ከሁሉም በላይ ዘላቂ የሆነው ውጤት ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ኅዳር 1 ቀን 2000 የፈረሙት ሕግ ነው፡፡ በዚህ ሕግ መሠረት አምራቾች የሞትና የጉዳት ክሶችን፣ የዋስትና ጥያቄዎችንና በውጭ አገር የሚያካሂዷቸውን ጥሪዎች ለመንግሥት በየጊዜው ማሳወቅ አለባቸው፡፡ የጎማ አየር ሲቀንስ አሽከርካሪውን የሚያስጠነቅቀው መሣሪያም ከዚሁ ሕግ የመነጨ ሲሆን፣ ከመስከረም ወር 2007 ጀምሮ በአሜሪካ በሚሸጡ ቀላል ተሽከርካሪዎች ሁሉ ላይ ግዴታ ሆኗል፡፡ መንሸራተትን የሚቆጣጠረው የኤሌክትሮኒክስ ሥርዓት ደግሞ በሌላ ደንብ ከ2012 ሞዴል አንስቶ እንዲገጠም ተደርጓል፡፡ የቆዩት ኤክስፕሎረሮች ግን አብዛኞቹ ሁለቱም የሏቸውም፡፡

የ2002 ሞዴል ኤክስፕሎረር በ2.5 ኢንች ሰፍቶ፣ የኋላ ባሌስትራውም ቀርቶ እያንዳንዱ የኋላ እግር ለብቻው የሚንቀሳቀስበት አሠራር ተገጥሞለት ቀረበ፡፡ አዲሱ ተሽከርካሪ መስፋቱ ራሱ ሌላ ችግር አስከተለ፡፡ በሉዊቪል ፋብሪካ የመገጣጠሚያው መስመር ለቀድሞው ጠባብ ሞዴል የተሠራ ስለነበረ የአንዳንዶቹን ጎማ በመቁረጡ፣ በግንቦት ወር 2001 ወደ 50 ሺህ የሚጠጉ ተሽከርካሪዎች ለምርመራ ተጠርተዋል፡፡

ብዙ ባለንብረቶች ያልተገነዘቡት ሌላው ጥሪ የፍጥነት መጠበቂያውን ማቋረጫ ይመለከታል፡፡ ይህ አነስተኛ ማብሪያና ማጥፊያ በአንድ ወገን ከፍሬን ዘይት፣ በሌላው ወገን ከኤሌክትሪክ ጋር የተገናኘ ነው፡፡ መሐሉን የሚለየው ስስ ሽፋን ሲሰነጠቅ ዘይቱ ወደ ኤሌክትሪኩ ክፍል ይገባና ከጊዜ በኋላ በመሞቅ እሳት ሊያስነሳ ይችላል፡፡ ቁልፉ ከተነቀለም በኋላ ኤሌክትሪክ ስለሚያገኝ እሳቱ ቆሞ ባደረ ተሽከርካሪ ኮፈን ሥር ሊነሳ መቻሉ ነው አሳሳቢ ያደረገው፡፡ ፎርድ ከ1999 ጀምሮ በዚሁ ዕቃ ምክንያት በተከታታይ የጠራቸው የተለያዩ ሞዴሎች ከ14 ሚሊዮን በላይ ሲሆኑ፣ ከ1995 እስከ 2002 የተሠሩ ኤክስፕሎረሮች በጥቅምት ወር 2009 በወጣው ጥሪ ተካተዋል፡፡

ጥሪ ያልወጣባቸው፣ ግን ባለንብረቱን የሚያስወጡ ብልሽቶችም አሉ፡፡ ከ1997 ሞዴል ጀምሮ በተገጠመው አዲሱ 4.0 ሊትር ሞተር የታይሚንግ ካቴናው መወጠሪያና የፕላስቲክ መምሪያው ስለሚያልቅ ሞተሩ ጠዋት ሲነሳ ይንኳኳል፡፡ ከካቴናዎቹ አንዱ በሞተሩ የኋላ ወገን በመሆኑ ለጥገናው አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩን ማውረድ ያስፈልጋል፡፡ ባለ አምስት ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮውም በማርሽ ቅያሪ ጊዜ መዘግየትና መንሸራተት ይታይበታል፡፡ ከ2002 በኋላ በተሠሩት ላይ ደግሞ ከኋላው መስታወት ሥር ያለው የፕላስቲክ ሽፋን መሰንጠቅ የተለመደ ነው፤ ይህ ግን ከመልክ አልፎ ለደኅንነት አያሰጋም፡፡

በአሜሪካ የሚኖር፣ ያገለገለ ተሽከርካሪ የሚገዛ ሰው ባለ 17 ፊደልና አኃዝ የተሽከርካሪውን መለያ ቁጥር በተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ በማስገባት ያልተፈጸመ ጥሪ መኖሩን ያለ ክፍያ ማወቅ ይችላል፡፡ ማጣራቱ የገዢው ፋንታ ነው፤ ምክንያቱም የፌዴራሉ ሕግ ነጋዴው ጥሪ ያለበትን አሮጌ ተሽከርካሪ እንዳይሸጥ አይከለክልም፡፡ አምራቹ ጥገናውን በነፃ የመስጠት ግዴታ ያለበት ደግሞ በ2015 በወጣው ሕግ ከአሥር ወደ አሥራ አምስት ዓመት ከፍ ባለው የጊዜ ገደብ ውስጥ ነው፡፡

ኤክስፕሎረር በኢትዮጵያ መንገዶች እንደ ጃፓን ተሽከርካሪዎች የተለመደ ባይሆንም፣ የጎማውና የክብደቱ ጉዳይ ግን ከፍ ብለው የተሠሩ የመስክ ተሽከርካሪዎችን ሁሉ ይመለከታል፡፡ ሰውና ዕቃ ሞልቶ፣ በጣራው ላይም ጭኖ ወደ አፋር ወይም ወደ ጋምቤላ ቆላ የሚወርድ ተሽከርካሪ ሙቀት፣ ጭነትና ፍጥነት በአንድ ጊዜ ያገኙታል፡፡ የአየር ግፊቱ መለካት ያለበት ጎማው በቀዘቀዘበት ጊዜ፣ ከጉዞ በፊት ሲሆን፣ ተገቢው መጠን በአሽከርካሪው በር ጠርዝ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ተጽፎ ይገኛል፡፡ በጎማው ጎን ላይ የሚነበበው ቁጥር ግን የመጨረሻው ጣሪያ እንጂ የሚመከረው መጠን አይደለም፤ ጎሚስታውም በግምት እንዳይነፋው መከታተል የተረካቢው ኃላፊነት ነው፡፡ ጥርሱ ቢገነጠል ፍሬን በኃይል አለመርገጥ፣ መሪውን አጥብቆ ይዞ ቀጥ ማድረግና ነዳጅ በመልቀቅ ፍጥነትን ቀስ በቀስ መቀነስ ይመከራል፡፡

የጎማ ዕድሜም የሚነበበው ከጎማው ጎን ላይ ነው፡፡ ከ2000 ጀምሮ የተሠሩ ጎማዎች በመለያ ቁጥራቸው መጨረሻ አራት አኃዝ ይዘዋል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ያመለክታሉ፡፡ 2319 የሚል ጽሑፍ ያለበት ጎማ በ2019 በሃያ ሦስተኛው ሳምንት የተሠራ ነው፡፡ ሦስት አኃዝ ብቻ ያለው ከ2000 በፊት የተመረተ በመሆኑ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ሊገጠም አይገባውም፡፡ ይህ በተለይ የሚያጋጥመው በስኮርታ ጎማ ላይ ሲሆን፣ ከተሽከርካሪው ጋር ከተገዛ ጀምሮ ሳይነካ ከሥር ተንጠልጥሎ የኖረ ስኮርታ አንዱ ጎማ በፈነዳ ዕለት ወርዶ ለረጅም ጉዞ ይገጠማል፡፡