ከሰማይ የተሰማ የአፈር ርጥበት

ዝናም መዝነሙ ብቻ ለሰው እንጀራ አይሆነውም፤ አፈር ውሃውን ይዞ ለሥር ማቈየት አለበት። ስለዚህ ገበሬ ከጥንት ጀምሮ ከመዝራቱ በፊት አፈሩን ጨብጦ ይመረምራል፤ ተያይዞ ከቀረ ይዘራል፤ እንደ ዱቄት ከተበተነ ሰማዩን ይጠብቃል። ሊቃውንትም አፈሩን መዝነው በምድጃ ካደረቁት በኋላ እንደ ገና ይመዝኑታል፤ የጐደለው ክብደት የውሃው ልክ ነው። መንገዱ የታመነ ነው፤ ነገር ግን አንድ ጕድጓድ ስለ አንድ ማሳ እንጂ ስለ አገር አይመሰክርም። ይህ ጕድለት እንዴት እንደ ተሞላ በአጭሩ እንመለከታለን።

ማናቸውም ነገር እንደ ሙቀቱ መጠን ለዓይን የማይታይ ጨረር ይሰጣል። መሬትም 21 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው የራዲዮ ሞገድ ላይ ደካማ ድምፅ አላት ብንል ከእውነት አንርቅም። አፈሩ ሲደርቅ ድምፁ ይበረታል፤ ሲረጥብ ይቀንሳል። ይህን ሞገድ ደመና አያግደውም፤ ጨለማም አይከለክለውም።

እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1973 ዓ.ም. አሜሪካኖች ስካይላብ የተባለውን የጠፈር ጣቢያ ባመጠቁ ጊዜ፥ ይህን ድምፅ የሚሰማ መሣሪያ አብረው ላኩ። ከዚያ የተገኘው ልክ ከመሬት ርጥበት ጋራ ሲነጻጸር የተስማማ ሆኖ ተገኘ። እኛ ግን ያን ዓመት የምናስታውሰው በወሎ ረኃብ ነው። በሰማይ ስለ አፈር ርጥበት መስማት በተጀመረበት ዓመት፥ በምድር የወሎ ሕዝብ በድርቅ ያልቅ ነበር።

ረጅሙ ሞገድ ሰፊ አንቴና ስለሚሻ፥ ሥራው ብዙ ዘመን ቈየ። እስከዚያው ሳተላይቶች የቅጠልን ልምላሜ ይመለከቱ ነበር፤ አሜሪካም ከ1984ቱ የኢትዮጵያ ረኃብ በኋላ በ1985 ዓ.ም. ያቋቋመችው የረኃብ ማስጠንቀቂያ ድርጅት በዚህ ተጠቀመ። ይሁን እንጂ ቅጠል ዘግይቶ የሚመጣ ምስክር ነው፤ እርሱ ሲጠወልግ የአፈሩ ውሃ አስቀድሞ አልቋል።

በመጨረሻ አውሮጳውያን በኅዳር ወር 2009 ዓ.ም. ስሞስ የተባለውን ሳተላይት አመጠቁ፤ በሦስት ክንዶቹ ላይ 69 ትንንሽ አንቴናዎች ተደርድረው እንደ አንድ ትልቅ ጆሮ ይሠራሉ። አሜሪካኖችም በጥር ወር 2015 ዓ.ም. ስማፕ የተባለውን አስከተሉ። የእርሱ አንቴና 6 ሜትር ስፋት ያለውና የሚሽከረከር ነው። የተጨመረለት ራዳር በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ቢበላሽም፥ አድማጩ መሣሪያ ሥራውን ቀጠለ። ዓለምንም በሁለት ወይም በሦስት ቀን ይዞራታል።

ነገር ግን ልኩን እንወቅ። እነዚህ መሣሪያዎች የሚሰሙት የላይኛውን 5 ሴንቲ ሜትር ያህል አፈር ነው፤ አንዱ ልክም 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወርድ ያለውን ምድር ያጠቃልላል። እንደ አገራችን ባለ ተራራማ ምድር በዚህ ስፋት ውስጥ ደጋውም ቈላውም ይገኛሉ። ስለዚህ አፈሩን ቈፍሮ የሚመዝነው ሰው ዛሬም አልተሻረም፤ የሰማዩ ቃል የሚመረመረው በእርሱ ሚዛን ነው።

ከሁሉም የሚበልጥ ሌላ ነገር አለ። በ1984 ዓ.ም. በመጋቢት ወር የኢትዮጵያ የዕርዳታ ኮሚሽን ሚሊዮኖች ለረኃብ እንደ ተጋለጡ ለዓለም መንግሥታት አስታውቆ ነበር፤ ብዙው ዕርዳታ የተንቀሳቀሰው ግን በጥቅምት ወር የኮረም ሥዕል በቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ነው። እንግዲህ ያን ጊዜ የጐደለው ወሬ ነጋሪ አልነበረም። ሳተላይት የደረቀውን አፈር አስቀድሞ ይነግረናል፤ ጐተራ መክፈትና እህል ማጓጓዝ ግን አይችልም። ይህ የሰው ፈንታ ነው፤ የሰማ ጆሮም የሚመሰገነው እጅ ሲከተለው ነው።