የጭነት ፊደል

በሱቅ ጠረጴዛ ላይ የማስቲካ እሽግ በመስተዋቱ ፊት ሲያልፍ የሚሰማውን አጭር ጩኸት የማያውቅ ከተሜ ዛሬ ጥቂት ነው፤ ከዚያ ጠረጴዛ በስተኋላ፣ በመጋዘኑ ውስጥ፣ በቡናማው ካርቶንና በፓሌቱ ጎን ላይ ታትሞ የሚኖረው ትልቁ የመሥመር ጽሕፈት ግን የሚያየው እንጂ የሚያስተውለው የለም። የባርኮድን ታሪክ የሚተርኩ ሰዎችም አብዛኛውን ጊዜ ከማስቲካው ተነሥተው በማስቲካው ይፈጽማሉ። እኔ ግን ነገሩን ከጭነቱ ወገን ቆሜ ላወጋው እወድዳለሁ፤ ይህ ፊደል የተፈተነውም፣ የወደቀውም፣ ዳግመኛ የተነሣውም በጭነት ላይ ነውና። የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቈጣጠር ናቸው።

ጥንተ ነገሩ በአሜሪካ፣ በፊላዴልፊያ ከተማ፣ በድሬክስል የቴክኖሎጂ ተቋም ነው። በ1948 ዓ.ም. የአንድ የምግብ መደብሮች ኩባንያ አለቃ፣ ደንበኛው የገዛውን ዕቃ በገዛ ራሱ የሚመዘግብ መሣሪያ ይመረመርለት ዘንድ የተቋሙን ዲን ሲለምን በርናርድ ሲልቨር የተባለ ወጣት በአጋጣሚ ሰማ፤ ዲኑ ልመናውን ባይቀበለውም ሲልቨር የሰማውን ለባልንጀራው ለጆሴፍ ዉድላንድ ነገረው። ዉድላንድም ሥራውን ትቶ በማያሚ ባሕር ዳርቻ ከአያቱ ቤት ከርሞ ሲያሰላስል፣ አንድ ቀን በአሸዋው ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ በልጅነቱ ከስካውቶች ጋር የተማረው የቴሌግራፍ ነጥብና ሰረዝ ትዝ አለው፤ አራት ጣቶቹንም በአሸዋው ሰክቶ ወደ ራሱ በሳባቸው ጊዜ፣ ነጥቡ ወደ ታች ቢረዝም ቀጭን መሥመር፣ ሰረዙም ቢረዝም ወፍራም መሥመር እንደሚሆን ተገለጠለት። ሁለቱ ባልንጀሮች ጥቅምት 20 ቀን 1949 ለመንግሥት አመልክተው ጥቅምት 7 ቀን 1952 የባለቤትነት መብታቸውን ተቀበሉ። ነገር ግን ጽሕፈቱ ተገኝቶ አንባቢው ገና አልተወለደም ነበር፤ መሥመሩን ለማብራት የ500 ዋት አምፑል ሲያበሩበት ወረቀቱ ይጨስ ነበር፤ ሌዘር የተባለው ቀጭን ብርሃን የተገኘው በ1960 ነው። ሲልቨርም የድካሙን ፍሬ ሳያይ በ1963 ዐረፈ።

ፊደሉን በመጀመሪያ በሰፊው የሞከረው ባለሱቅ ሳይሆን የባቡር ሐዲድ ነው። በአሜሪካ የአንዱ ኩባንያ ፉርጎ በሌላው ኩባንያ ሐዲድ ላይ እየዞረ አገሩን ሁሉ ሲያካልል ይኖራል፤ የት እንደ ደረሰም የሚታወቀው በየጣቢያው ያለው ጸሓፊ በብርድና በዝናብ ከሐዲዱ ዳር ቆሞ ቍጥሩን በእርሳስ ሲመዘግብ ነበር። በተማሪነቱ በባቡር ኩባንያ ያገለገለው ዴቪድ ኮሊንስ ይህን ድካም በዓይኑ አይቶ ስለ ነበር፣ ወደ ሲልቬኒያ ኩባንያ በገባ ጊዜ ካርትራክ የተባለውን ሥርዓት አበጀ። ትእምርቱ ጥቍርና ነጭ ብቻ አልነበረም፤ ብርሃንን መልሰው የሚያንጸባርቁ ብርቱካንማ፣ ሰማያዊ፣ ነጭና ጥቍር ቍራጮች እንደ መሰላል አንዱ በአንዱ ላይ ተደርድረው በፉርጎው ጎን ይለጠፋሉ፤ ከሐዲዱ ዳር የተተከለው መሣሪያም ባቡሩ ሳይቆም ያነብባቸዋል። የባቡር ኩባንያዎቹ ማኅበር በ1967 ይህን ለፉርጎ ሁሉ ደንብ አድርጎ አጸደቀው፤ ከፉርጎዎቹም የሚበዙት ተለጠፈባቸው። ሆኖም ፉርጎ የሚኖረው በጥላሸት፣ በጭቃና በበረዶ መካከል ነው፤ መለያውን የሚያጥብ፣ የተላጠውን የሚተካ አልተገኘም፤ መሣሪያውም ከዓመት ወደ ዓመት የማያነብበው ፉርጎ እየበዛበት ሄደ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ነገሩ ሁሉ ተተወ። ምሁራኑ ስለ ብርሃኑና ስለ ቀለማቱ ብዙ ተመራምረው ስለ አንዲት ባልዲ ውኃና ስለ አንድ ጨርቅ አለማሰባቸው ዛሬም ያስገርመኛል።

ኮሊንስ ግን ፉርጎው እስኪወድቅ አልጠበቀም። ይህ ጥበብ ለካርቶንም ይሆናል ብሎ አለቆቹን ቢያስረዳ ስላልሰሙት፣ ከእነርሱ ተለይቶ ኮምፒዩተር አይደንቲክስ የተባለ ድርጅት አቆመ፤ በ1969ም መሣሪያውን በሁለት ስፍራ ተከለ። አንዱ በሚሽጋን ግዛት በፖንቲያክ ከተማ፣ በጀነራል ሞተርስ ፋብሪካ፣ የመኪና አክሰል የሚለይ ነበር፤ ሁለተኛው በኒው ጀርዚ፣ በካርልስታድ፣ በአንድ የማከፋፈያ መጋዘን ውስጥ የሚተላለፈውን ጭነት ወደሚገባው የመጫኛ በር የሚመራ ነበር። የተጻፈው ጥቂት አሃዝ ብቻ ነበር፤ በር ለመለየት ግን ይበቃል።

ከዚህ በኋላ የመጣው የሱቁ ታሪክ ስለ ታወቀ በአጭሩ አልፈዋለሁ። የአሜሪካ የምግብ ነጋዴዎች ኮሚቴ ከቀረቡለት ትእምርቶች መካከል ሚያዝያ 3 ቀን 1973 የአይቢኤሙን የጆርጅ ሎረርን መረጠ። ዉድላንድና ሲልቨር ከማንኛውም አቅጣጫ እንዲነበብ አስበውት የነበረው ክብ ምልክት የተሸነፈበት አንዱ ምክንያት የማተሚያ ቤት ምክንያት ነው፤ ወረቀቱ በመኪናው ላይ ሲሮጥ ቀለሙ ይሳባል፤ ክቡ ይበላሻል፤ መሥመሩ ግን ወደ ርዝመቱ ቢሳብ ጥቂት ከመርዘም በቀር የሚጎዳው የለም። ሰኔ 26 ቀን 1974 በኦሃዮ ግዛት በትሮይ ከተማ በሱቅ የመጀመሪያው ሆኖ የማስቲካው እሽግ ተነበበ።

ካርቶን ግን ማስቲካ አይደለም። የእሽጉ ወረቀት ነጭና ለስላሳ ሲሆን ካርቶኑ ቡናማ፣ ሸካራና በውስጡ የታጠፈ ነው፤ የሚታተመውም በለስላሳ የጎማ ማኅተም ስለ ሆነ ቀለሙ ከመሥመሩ ወሰን ይፈስሳል፤ የሱቁ ደቂቅ መሥመር በዚያ ላይ ቢታተም እርስ በርሱ ይዋጣል። ለካርቶኑ የተስማማው በ1972 የኢንተርሜኩ ዴቪድ አላይስ ያበጀው የተሰናሰለ ጽሕፈት ሆነ። በዚህ ሥርዓት እያንዳንዱ አሃዝ አምስት ክፍል አለው፤ ከአምስቱ ሁለቱ ወፍራም፣ ሦስቱ ቀጭን ናቸው፤ ፊተኛው አሃዝ በጥቍሩ መሥመር ሲጻፍ ተከታዩ አሃዝ በዚያው ስፍራ፣ በመሥመሮቹ መካከል ባለው ባዶ ቦታ ይጻፋል፤ ስለዚህም አሃዞቹ ሁልጊዜ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይሄዳሉ። በካርቶን ላይ የሚታየው አሃዝ 14 ነው፤ የመጀመሪያው የእሽጉን ደረጃ ይናገራል። በዙሪያው እንደ ክፈፍ የሚታየው ወፍራም ጥቍር ሐረግ ጌጥ የሚመስለው ሰው አይጠፋም፤ ሥራው ግን የማኅተሙን ጫና በመሥመሮቹ ሁሉ ላይ እኩል ማድረግ ነው።

ካርቶኖቹ ተደርበው በፓሌት ላይ ሲታሰሩ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይነሣል። ፓሌት ራሱ ልክ እንዲኖረው የአውሮጳ የባቡር መሥሪያ ቤቶች በ1961 ተስማምተው 800 በ1200 ሚሊሜትር ብለው ቈርጠው ነበር፤ በላዩ ያለውን ጭነት በአንድ ስም መጥራት ግን የቻሉት በ1981 የወጣው ኮድ 128 የተባለው ጽሕፈት ከተገኘ በኋላ ነው። በዚህ ጽሕፈት ለአንድ ፓሌት የሚሰጠው ኍልቍ 18 አሃዝ ሲሆን፣ ዘይት ይሁን ሳሙና፣ መቶ ካርቶን ይሁን አርባ፣ አንዳች አይናገርም። ይህን ባሰብሁ ቍጥር ድጓው ትዝ ይለኛል። በድጓው ላይ፣ ከቃሉ በላይ በደቂቅ ጽሕፈት የሚኖረው ምልክት ዜማውን በሙሉ አይጽፈውም፤ የታወቀውን ቃል በአንድ በሁለት ፊደል ያመለክትና ዝም ይላል፤ ዜማው ያለው በመሪጌታው ልቡና ነው። ለፓሌቱም ልቡናው መዝገቡ ነው፤ ላኪው የጭነቱን ዝርዝር ከዚያ ኍልቍ ጋር አያይዞ በኤሌክትሮኒክ መልእክት አስቀድሞ ይልካል፤ ተቀባዩም መሥመሩን ሲያነብብ ዝርዝሩ ከፊቱ ይገለጣል። በአገራችን መጋዘን ያገለገለና እያንዳንዱን ካርቶን ቈጥሮ ሞዴል 19 የተባለውን የዕቃ መቀበያ ደረሰኝ የቈረጠ ሰው የዚህን ዕረፍት ያውቃል፤ መዝገቡ የሐሰት ከሆነ ግን መሥመሩ በታማኝነት ወደ ሐሰት ይመራዋል።

የመጨረሻዋ አሃዝ የማረጋገጫ ናት። የቀደሙት 17 አሃዞች ከግራ ጀምሮ በተራ በ3 እና በ1 እየተባዙ ይደመራሉ፤ ድምሩ ወደሚቀጥለው ሙሉ አሥር ለመድረስ የሚጎድለው ያች አሃዝ ነው፤ መሣሪያው አንዱን አሃዝ ቢያሳስት ሒሳቡ ስለማይገጥም አይቀበለውም። መለያው በፓሌቱ ጎን ከ400 እስከ 800 ሚሊሜትር ከፍታ ላይ እንዲለጠፍ ተደንግጓል፤ ፎርክሊፍቱ ሹካውን ወደ ጭነቱ ሲያቀርብ ሾፌሩ ከወንበሩ ሳይነሣ ያነብብ ዘንድ ይመቻል።

ፓሌቱ ከደረሰበት መጋዘን ማሰሪያው ሲፈታ፣ ካርቶኖቹም በየመደርደሪያው ሲበተኑ፣ ያ ኍልቍ የሚጠራው ነገር አይኖርም፤ ወረቀቱም ከላስቲኩ ጋር ተቀድዶ ይጣላል። እንጨቱ ፓሌት ግን በማግሥቱ ሌላ ጭነት ተሸክሞ፣ ሌላ ኍልቍ ተለጥፎበት ይወጣል፤ የቀድሞው ኍልቍ ጭነቱ ከተላከበት ቀን ጀምሮ ቢያንስ አንድ ዓመት ሳይሞላ ለሌላ ጭነት እንዳይሰጥ ደንቡ ይከለክላል።