የማያባራ

«የማያባራ» በአማርኛ «የማያቆም፣ ፋታ የማይሰጥ» ማለት ሲሆን የሰዋስው ክፍሉ ቅጽል ነው። የወጣው «አባራ» ከሚለው ግሥ ነው። ግሡ በመጀመሪያ የሚነገረው ስለ ዝናብ ነው፤ ሲጥል የቆየ ዝናብ ሲያቆም «አባራ»፣ ሰውም ከዛፍ ወይም ከቤት ጥግ ሲጠለል «እስኪያባራ» ይላል። በእንግሊዝኛ «ኢንሰሳንት» የሚባለው ቃል ወደ አማርኛ ሲመለስ ከሁሉ የሚቀርበው ይኸው ቃል ነው። የእንግሊዝኛው ቃል ከላቲን የመጣ ሲሆን የተሠራው ከአፍራሽ ቅድመ ቅጥያና «ማቆም» ከሚለው ግሥ ነው።

በጽሑፍ ብዙ ጊዜ «የማያበራ» ተብሎ ሲጻፍ ይታያል። ይህ ስህተት ነው። «አበራ» የብርሃን ግሥ ስለሆነ «የማያበራ ጦርነት» የተባለው ቃል በቃል ሲነበብ ብርሃን የማይሰጥ ጦርነት ይሆናል። ልዩነቱ «አብርቶ» እና «አባርቶ» ሲባል በግልጽ ይሰማል።

በመካነ ሰላምና አካባቢው

ቃሉ ከዝናብ መውጣቱ ለደገኛ አያስደንቅም። መካነ ሰላም በደቡብ ወሎ ዞን የቦረና ወረዳ ከተማ ስትሆን ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከከተማዋ በስተምዕራብ መሬቱ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል፤ ከሸለቆው ማዶ ጎጃም ነው። ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም መግቢያ ይዘንባል፤ የሚበረታው በሐምሌና በነሐሴ ነው።

እዚህ የማያባራ ዝናብ ሥራ ያስፈታል። ዋልካ መሬት ውኃ ይቋጥርና እህሉ ሥሩ ይታፈናል፣ ቢጫ ይሆናል። አረም በእርጥብ መሬት ላይ በደንብ አይነቀልም፤ የተነቀለውም ፀሐይ ካላገኘ መልሶ ሥር ይሰዳል። በተዳፋት ማሳ ላይ አፈሩ ታጥቦ ወደ ገደል ይወርዳል። ወንዝ ሲሞላ ደግሞ ከቆላ ወደ ደጋ ገበያ የሚወጣ ሰው ውኃው እስኪጎድል ከዳር መቀመጥ አለበት። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው በጥቅምትና በኅዳር ያለ ወቅቱ የሚመጣው ነው፤ የታጨደ ጤፍ በነዶ ሳለ ከረጠበ ይበቅላል ወይም ይሻግታል።

የዝናብ መቅረት ግን በዚህ ግሥ አይነገርም። «አባራ» የአንድ ዝናብ ፋታ ነው፤ ነገ ተመልሶ ይመጣል ተብሎ ይታሰባል። ወቅቱ ሲያልቅ «ክረምቱ ወጣ»፣ ጭራሽ ሲጠፋ «ዝናቡ ቀረ» ወይም «ተቋረጠ» ይባላል። ወሎን በ1965 እና 1966፣ በኋላም በ1977 ዓ.ም. የመታው ድርቅና ረኃብ ሲነገር «ዝናቡ አባራ» የሚል ሰው የለም።

ከተቀራራቢ ቃላት ጋር

የማያባራ ዝናብ የግድ ዶፍ አይደለም። ቀስ ብሎ፣ ሳይጨምርም ሳይቀንስም ቀኑን ሙሉ የሚወርደው «እኝኝ አለ» ይባላል። ይኸው ቃል ያለ እረፍት ለሚነጫነጭ ሕፃንና ለነዝናዛ ሰውም ያገለግላል። እንግሊዝኛውም «ኢንሰሳንት»ን ለዝናብም፣ ለጫጫታም፣ ለማያልቅ ወሬም ስለሚጠቀምበት እዚህ ላይ ሁለቱ ቋንቋዎች በደንብ ይገናኛሉ።

ተርጓሚን የሚያሳስተው «ያላሰለሰ» ነው። መዝገበ ቃላት ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ቢያስቀምጣቸውም በቦታቸው አይለዋወጡም። «አሰለሰ» ሦስት ከሚለው የግእዝ ቁጥር የወጣ ሲሆን በሦስተኛው ቀን፣ ማለትም አንድ ቀን እየዘለሉ ማድረግን ያሳያል፤ ስለዚህ «ሳያሰልስ» ማለት ቀን ሳይዘል ማለት ነው። የሚነገረውም ለምስጋና ነው። የዜናና የስብሰባ አማርኛ «ያላሰለሰ ጥረት» የሚለውን እስኪሰለች ድረስ ደጋግሞታል፤ ቢሆንም «የማያባራ ጥረት» ቢባል ጥረቱ ሰው ያስመረረ ይመስላል፣ «ያላሰለሰ ጦርነት» ቢባልም ጦርነቱን ማመስገን ይሆናል። ጦርነት፣ ለቅሶ፣ ጭቅጭቅና ስደት የማያባሩ ናቸው፤ ጥረት፣ ድጋፍና ክትትል ያላሰለሱ ናቸው።

«የማያቋርጥ» በሁለቱ መካከል ያለ፣ ወቀሳም ምስጋናም የሌለበት ቃል ነው። ለሕክምናም፣ ለኤሌክትሪክ ኃይልም፣ ለጸሎትም ይሆናል፤ በ1954 ዓ.ም. በታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች ስለ ጸሎት በጻፈው ቃል የገባው ግሥ «አቋረጠ» ነው።

«ዘወትር» ግን ሌላ ነው። ከግእዝ የመጣ ሲሆን ከ«ወትሮ» ጋር ዝምድና አለው፤ መደጋገምን እንጂ ፋታ ማጣትን አያመለክትም። የዘወትር ጸሎት በየቀኑ ይደርሳል፣ ቀኑን ሙሉ ግን አይዘልቅም። የዘወትር ልብስም ከክት ልብስ ተለይቶ በየቀኑ የሚለበሰው ነው።

በንግግር ሁለት ተቃራኒ ጊዜያትን አጣምሮ አለማቋረጥን መግለጽም የተለመደ ነው፦ ሌት ተቀን፣ ጧት ማታ፣ ክረምት ከበጋ። የመጨረሻው ወደ መሥሪያ ቤት ቋንቋም ገብቷል። ጭቃና ሙላት የማይዘጋው መንገድ «ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ» ይባላል፤ ዓመቱን ሙሉ የማይደርቅ ወንዝም ክረምት ከበጋ የሚፈስ ነው።