አለም ጤና ላይ የበራችው ቼክ

ነገሩ የተጀመረው አለም ጤና ላይ ነው። አንድ ወጣት ሹፌር ሦስት መንገደኛ በኮንትራት ጭኖ ከአዳማ ወደ ባቱ ይሄዳል። ሞጆን አለፈ፣ ቆቃን አለፈ፤ አለም ጤና ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ክሩስኮቱ ላይ አንዲት ቢጫ መብራት ቦግ አለችበት። የሞተር ሥዕል ያለባት፣ ሹፌር ሁሉ «ቼክ» የሚላት መብራት።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ2003 ያሪስ ናት። ጉልበቷ አልቀነሰም፣ ሙቀቷም አልጨመረም፣ ጭስም የለም። ከኋላ የተቀመጡት እናት ግን አይተዋታል።

«ልጄ፣ ይቺ መብራት ምንድን ናት?»

«ምንም አይደለችም እማማ። ቼክ ናት።»

ባቱ ደረሰ፣ ሰዎቹን አወረደ፣ ተመለሰ። አዳማ ገብቶ የትራፊክ መብራት ይዞት ሲቆም ግን ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ይንገጫገጭ ጀመር፤ መሪው እጁ ላይ ተንቀጠቀጠ። ነገ ጋራዥ እወስዳታለሁ ብሎ አደረ።

እሱ ጋራዥ እስኪደርስ፣ ይቺ መብራት ከየት እንደመጣች ላውጋችሁ። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የሎስ አንጀለስ ሰማይ ዓይን በሚያቃጥል ጭጋግ ይሸፈን ነበር። ጭጋጉ ከየት እንደሚመጣ ብዙ ተከራከሩ። በመጨረሻ አሪ ሃገን-ስሚት የሚባል የሆላንድ ተወላጅ ኬሚስት፣ ከመኪናና ከነዳጅ ማጣሪያ የሚወጣው ጋዝ ከፀሐይ ብርሃን ጋር ሲገናኝ ጭጋጉን እንደሚፈጥረው አሳየ። ካሊፎርኒያ በ1967 የአየር ጥበቃ ቦርድ አቋቁማ እሱኑ ሊቀ መንበር አደረገችው። ያ ቦርድ ነው ከ1988 ሞዴል ጀምሮ አዲስ መኪና የራሱን ሞተር እየተቆጣጠረ፣ ሲበላሽ መብራት እንዲያበራ ያስገደደው። በ1996 አሜሪካ ውስጥ ለሚሸጥ አዲስ መኪና ሁሉ ማሽን ተሰክቶ ብልሽቱ የሚነበብበት ባለ 16 ቀዳዳ መሰኪያና አንድ ዓይነት የብልሽት ኮድ ግዴታ ሆነ፤ በ2001 አውሮፓ በቤንዚን መኪኖቿ ላይ ተከተለች።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ቼክ የተፈጠረችው ለአየሩ ተብሎ ነው። ሹፌሩ ምንም ሳይሰማው የምትበራውም ለዚህ ነው፤ መኪናው ይሄዳል፣ ከማርሚታው የሚወጣው ግን ተበላሽቷል። ልጁ «ምንም አይደለችም» ያለው ከክፋት አልነበረም። የሚሄድ መኪና ደህና ነው ብሎ ያደገ ትውልድ ነው። የአባቱ ዲኤክስ ኮሮላ ካርቡራተር እንጂ ኮምፒውተር አልነበራትም፤ ስትታመም ታስላለች፣ ታጨሳለች፣ ትቆማለች። ይቺኛዋ ገና ሳትታመም ትናገራለች።

ወደ ልጃችን እንመለስ። የመጀመሪያው ጋራዥ የኮድ ማንበቢያ ማሽኑን ከመሪው በታች ሰካ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም፤ ኮዱ ወጣ፤ ፒ0171። ትርጉሙ ድብልቁ ሳስቷል፣ ለአየሩ የሚመጥን ቤንዚን የለም ማለት ነው።

«ኦክስጅን ሴንሰር ነው ወንድሜ። ቀይረው ትገላገላለህ።»

ልጁ አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ድረስ ሄዶ ሴንሰር ገዛ። ያጠራቀማት ገንዘብ አለቀች። ሴንሰሩ ተገጠመ፣ ኮዱ ተሰረዘ፣ መብራቷ ጠፋች፤ ሂሳብ ተከፈለ። ብዙም ሳይቆይ ወንጂ ሰው አድርሶ ሲመለስ ቼክ በራች። ሌላ ጋራዥ ሄደ፤ «የአየር መለኪያው ነው» አሉት። ሦስተኛው ጋ ጠየቀ፤ «የቤንዚን ፖምፓህ ደክሟል» አሉት። አንድ ኮድ፣ ሦስት ፍርድ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ነገሩ ያንገበግበኛልና። በድሮ ዘመን ሌባ ሻይ የሚባል ነገር ነበር። ዕቃ ሲጠፋ አንድ ብላቴና መድኃኒት ጠጥቶ ይለቀቃል፤ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነህ ተብሎ ይከፍላል። ኮድ አንብቦ ዕቃ የሚያስቀይር መካኒክ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ኮዱ ሴንሰሩ ደጅ ወደቀ፤ ስለዚህ ሴንሰሩ ይክፈል! ሴንሰሩ ግን ያደረገው መናገር ብቻ ነው። ከማርሚታው በሚወጣው ጋዝ ውስጥ ኦክስጅን በዝቶ አገኘ፤ ያየውን ተናገረ። እውነቱን ስለተናገረ ተነቀለ።

አባቶቻችን ከሌባ ሻይ የሚሻል ሥርዓትም ነበራቸው። አውጫጭኝ ተቀምጠው አገሩን ሁሉ ሰብስበው ይጠይቁ ነበር። ልጁ በመጨረሻ የደረሰው አውጫጭኝ ከሚያውቅ ሰው ዘንድ ነው፤ ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ ዳር ጋራዥ ያላቸው ሽማግሌ መካኒክ። እኚህ ሰው ማሽን አዳማ ሳይገባ በፊት ኮድ ያነቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በተሠራ የቶዮታ መኪና ኮፈን ሥር ካለችው ትንሽ ሳጥን ውስጥ ሁለት ቀዳዳ በቁራጭ ሽቦ ያገናኛሉ፤ ከዚያ ክሩስኮቱ ላይ ቼክን ያዩዋታል። ሁለት ጊዜ ብልጭ፤ ዝም፤ አምስት ጊዜ ብልጭ። ሃያ አምስት፣ የሳሳ ድብልቅ። በዓይን ነው የሚቆጠረው።

«ጋሼ፣ ኦክስጅን ሴንሰሩን ቀይሬዋለሁ፤ አልጠፋ አለኝ።»

«ቆይ ልጄ። መጀመሪያ ንገረኝ፤ ከመብራቷ በፊት መኪናህ ላይ ምን ተነካ?»

ልጁ አሰበ። ምንም አልተነካም። ዘይት ገና ነው፣ ካንዴላም አልተቀየረም። ኋላ ትዝ አለው። ወደ ባቱ ከመሄዱ በፊት መኪናዋን ሲያሳጥብ የአየር ፊልትሮውን አስነፍቷል።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። የአዳማን ነፋስ የማያውቅ የለም፤ ከከተማው ጥግ ያሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራ የጀመረው ባለ 51 ሜጋ ዋቱና በ2015 የተጨመረው ባለ 153ቱ፣ ያለ ምክንያት እዚያ አልተተከሉም። ነፋሱ የስምጥ ሸለቆውን ደቃቅ አፈር፣ እሳተ ገሞራ የተፋውን ዱቄት፣ አንስቶ ፊልትሮ ውስጥ ይከተዋል። ስለዚህ ፊልትሮ ማስነፋት የሹፌሩ ልማድ ነው። ፊልትሮ ለማውጣት ደግሞ ሳጥኑ ይከፈታል፤ ሳጥኑ ሲከፈት ላስቲክ ቱቦው ይጎተታል፤ ቱቦው ሃያ ዓመት በሞተር ሙቀት የደረቀ ነው።

ሽማግሌው ግን ወዲያው ቱቦው ነው አላሉም። ይህን ነው የወደድኩላቸው። ማሽኑን ሰኩና ኮዱን ሳይሰርዙ፣ ኮምፒውተሩ መብራቷን ባበራበት ቅጽበት ያስቀመጠውን መዝገብ ከፈቱ። ፍጥነት 0። ዙር ሰባት መቶ ገደማ። ውሃው ሞቋል። መኪናዋ ቆማ፣ ሚኒሞ ላይ ነው የበራችው ማለት ነው። የመጀመሪያው ጋራዥ ኮዱን ሲሰርዝ የበፊቱ መዝገብ አብሮ ጠፍቷል፤ ደግነቱ ቼክ ተመልሳ ስትበራ አዲስ ተጽፏል። እባካችሁ፣ ማንም ሰው «ላጥፋልህ» ሲላችሁ መጀመሪያ መዝገቡን ያንብብ፤ ኮዱንም ወረቀት ላይ ጻፉት።

ቀጥሎ የቤንዚን እርማቱን አዩ። ኮምፒውተሩ ለአንድ ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር እንዲደርሰው ይፈልጋል፤ ሴንሰሩ አየር በዛ ሲለው ቤንዚን ይጨምራል፤ የጨመረውንም በመቶኛ ያሳያል። ጤነኛ ሞተር ላይ ቁጥሩ ዜሮ አካባቢ ይዋልላል። የልጁ ያሪስ ሚኒሞ ላይ 24 አሳየች።

«ቤንዚን ስጣት» አሉት። ልጁ ረገጠ፤ ዙሩ 2,500 ደረሰ። ቁጥሩ ወረደ፣ ወረደ፣ 5 ላይ ቆመ። ለቀቀ፤ ተመልሶ 24።

«አየህ ልጄ? ፖምፓው ደክሞ ቢሆን ቤንዚን ስትረግጥ ይብስ ነበር። የአየር መለኪያውም ቆሽሾ ቢሆን እንደዚሁ። ሚኒሞ ላይ ብሶ ስትረግጥ የሚሻል ከሆነ፣ ያልተለካ አየር በሆነ ቀዳዳ እየገባ ነው። ስትረግጥ ብዙ አየር በትክክለኛው በር ይገባል፤ በቀዳዳው የሚገባው ያን ጊዜ ከቁም ነገር አይቆጠርም።»

ፖምፓውና የአየር መለኪያው በዚህች አንዲት ጥያቄ ነፃ ወጡ። አንድ ብሎን አልተፈታም፣ ከአንድ ሱቅ አንድ ዕቃ አልተገዛም።

ከዚያ ክዳኑ በምስማር የተበሳ ሀይላንድ አመጡ፤ ውስጡ ውሃ ነው። ቤንዚን የሚረጩ አሉ፤ የጋለ ማርሚታ አጠገብ ቤንዚን መርጨት ጋራዥ ያቃጥላል፣ ሰው ያቃጥላል። እሳቸው ከኤሌክትሪኩ እየራቁ ውሃውን በላስቲክ ቱቦው እጥፋቶች ላይ ቀስ እያሉ ረጩ። ሦስተኛው እጥፋት ላይ ሲደርሱ ሞተሩ ድምፁን ቀየረ፤ ለአፍታ ቀጥ አለ፣ ከዚያ ተመልሶ ተንገጫገጨ። ጣታቸውን ከእጥፋቱ በታች ሰደዱ። ከላይ የማይታይ፣ ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ። ከአየር መለኪያው በኋላ ስለሆነ በዚያ የሚገባውን አየር ማንም አይቆጥረውም።

ቱቦው ከተፈታታ መኪና ተገኘ፤ ዋጋው ከሴንሰሩ ጋር አይወዳደርም። ሲገጠም ሚኒሞ ላይ 24 የነበረው ቁጥር 3 ሆነ። ሽማግሌው አሮጌውን ሴንሰር አስመጥተው መልሰው ገጠሙት፤ ሞተሩን አስነስተው በማሽኑ አዩት፤ ከ0.1 ቮልት ወደ 0.9 እየወጣ እየወረደ በትጋት ይሠራል። አዲሱን በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡት።

«ይሄን አስቀምጠው። አሮጌው ሲሞት ትገጥመዋለህ።»

ይህን ሁሉ በዝርዝር የማወራው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከኤሌክትሪክ መኪና በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን አስታወቀ። ስለዚህ ዛሬ ከቢሾፍቱ እስከ ሻሸመኔ የሚሮጡት ያሪሶች፣ ቪትዞችና ኮሮላዎች ገና ብዙ ዓመት ይኖራሉ፤ ዕቃቸውም አይረክስም። በእነሱ እንጀራ የሚበላ ሹፌር በግምት ለተቀየረ ሴንሰር የሚከፍለው ከልጆቹ ቀለብ ነው። መካኒኩ የሙያ ዋጋውን ይጠይቅ፤ ለምርመራው ራሱን የቻለ ሂሳብ ያስከፍል፤ እኛም ሳናጉረመርም እንክፈል። ምርመራው በነፃ ሲሆን ነው ትርፉ ዕቃው ላይ የሚፈለገው።

ያገለገለ መኪና ለምትገዙም አንድ ቃል። ቁልፉን ክፈቱ፣ ሞተሩን ግን አታስነሱ። ያን ጊዜ ቼክ ልትበራ ይገባል። ስታስነሱ ትጠፋለች። ቁልፍ ሲከፈት ጭራሽ ካልበራች አምፖሏ ተነቅሏል ወይም በፕላስተር ተሸፍኗል። መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ በዞረ ቪትዞች ላይ ይህን ሳታዩ ገንዘብ አትቁጠሩ።

አሁን ወደ ልጁ ልመለስ፤ ታሪኩ አላለቀም። አንድ ማለዳ ስልኩ ጮኸ። ጓደኛው ነው፤ በኮሮላ ከመተሐራ ሰው ጭኖ ወደ አዳማ እየወጣ ወለንጪቲ ደርሷል። ከመተሐራ አዳማ ከስድስት መቶ ሜትር በላይ ዳገት ነው።

«ቼክ በራችብኝ፤ ደግሞ ብልጭ ድርግም ትላለች። ጉልበትም የላትም። እንደምንም አዳማ ልግባ?»

«እንዳትነዳት! ዳር ያዝ፣ ሞተሩን አጥፋ!»

ልጁ ይህን ከሽማግሌው ሰምቷል። ዝም ብላ የበራች ቼክ እስከ ጋራዥ ታደርሳለች። ብልጭ ድርግም ስትል ግን አንዱ ሲሊንደር እሳት እየሳተ ነው፤ ያልነደደው ቤንዚን ማርሚታው መስመር ላይ ወዳለው ካታሊስት ሄዶ እዚያ ይነድዳል፤ ካታሊስቱ ይግላል፣ ይቀልጣል። ከሥሩ ደረቅ ሣር ካለ ሣሩም ይያያዛል። ትንሽ ልግፋ ያለ ሹፌር የአንድ ቦቢና ጉዳትን የካታሊስት ጉዳት ያደርገዋል።

ሰዎቹ በቅጥቅጥ ተጫኑ፤ ኮሮላዋን አይሱዙ ጎትቶ አመጣት። ሽማግሌው ማሽኑን ሰኩ። ፒ0303፤ ሦስተኛው ሲሊንደር።

«ጋሼ፣ ቦቢና ልግዛ?» አለ ጓደኛው።

«ገና ነው። የሦስተኛውን ቦቢና ፍታና አንደኛው ላይ ግጠም፤ የአንደኛውን ሦስተኛው ላይ። ካንዴላዎቹን አትንካ። ጥፋቱ ከቦቢናው ጋር ከሄደ ቦቢናው ነው፤ ሦስተኛው ላይ ከቀረ ካንዴላውን ወይም ኢንጄክተሩን እናያለን።»

ሁለቱ ልጆች አቀያየሩት። ኮዱን ጻፉት፣ ሰረዙት፣ ሞተሩን አስነሱት። ኮሮላዋ ተንገጫገጨች፤ ቼክ ብልጭ፣ ድርግም። ልጁ ማሽኑን ራሱ ያዘና አነበበ።

ፒ0301።

«ቦቢናው ነው ጋሼ።»

«እንግዲያው አንድ ብቻ ግዙ» አሉ ሽማግሌው፤ «አራቱንም ቀይሩ የሚል ሻጭ ቢገጥማችሁ አመስግናችሁ ውጡ።»