ባሕረ ሐሳብና የስሌት ጥበብ በዋግ ኽምራ

በሰቆጣ አቅራቢያ የሚገኘውን ውቅር መስቀለ ክርስቶስን የመሳሰሉ የዋግ ኽምራ ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት አጽዋማትንና በዓላትን የሚያውጁት፣ እንደ ሌሎቹ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ፣ በባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም በትውፊት ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ለድሜጥሮስ በሚሰጠው የዘመን ስሌት ነው። የስሌቱ ብልሃት ትልቁን ቁጥር አሳንሶ መያዝ ሲሆን፣ ለምሳሌ 2016 ዓ.ም. በ5500 ላይ ተደምሮ 7516 ዓመተ ዓለም ይሆንና ለ19 ሲካፈል ከሚተርፈው 11 ላይ አንድ ተቀንሶ ወንበር የሚባለው 10 ይገኛል፤ ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ፣ ማለትም ለ30 ተካፍሎ ቀሪው ሲያዝ፣ አበቅቴ የሚባለው 20፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ ደግሞ መጥቅዕ የሚባለው 10 ይወጣል፤ የሁለቱ ድምር ምንጊዜም 30 በመሆኑ፣ ስሌቱ የራሱን ስሕተት የሚያጋልጥበት ማረጋገጫ አለው፤ ይህም እጅግ የሚደነቅ ነው።

ትልቁን አሳንሶ የመያዝ ብልሃት በኮምፒውተሩ ዓለምም ይታያል፤ ብላስ የተባለው የመሠረታዊ ስሌቶች ስብስብ እ.ኤ.አ. በ1979 በቬክተር፣ ማለትም በቁጥሮች ድርድር ጀምሮ፣ በ1990 ማትሪክስን፣ ማለትም በረድፍና በዓምድ የተደረደሩ ቁጥሮችን፣ እርስ በርስ ማባዛትን ሲጨምር፣ ትልቁን ማትሪክስ ለማስሊያው ቅርብ በሆነው ፈጣን ማኅደር ውስጥ በሚገቡ ትናንሽ ክፍሎች ከፋፍሎ ማስላት የፍጥነት ዋነኛ መንገድ ሆነ። በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ የሚሠሩ ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበት ኑምፓይ የተባለው የስሌት መሣሪያም ማትሪክስ ሲያባዛ የሚጠራው የዚህኑ ስብስብ ዝርያዎች ነው።