ፀሐይን ማን አዘዛት?

«ፀሐይ ምድርን በሁለት የመጠን ትዕዛዞች ትበልጣለች።» እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር በሳይንስ ትርጉሞች መሐል ሲነበብ፣ አንባቢው ትዕዛዙን ማን እንደሰጠ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ነገሩ ግን ውስብስብ አይደለም፤ የፀሐይ አግድመት የምድርን 109 ጊዜ ያህላል፤ መቶ ደግሞ ዐሥር በዐሥር ነው፤ ሁለት ዐሥሮች ሲባዙ። «ኦርደር ኦፍ ማግኒትዩድ» ውስጥ ያለው «ኦርደር» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ተራም፣ ሥርዓትም፣ ማዕረግም፣ ትዕዛዝም ይሆናል። ተርጓሚው ከአራቱ ምግብ ቤት የሚሰማውን አነሣ።

«የመጠን ቅደም ተከተል» የሚሉም አሉ። ይሻላል፤ ሆኖም ማን ቀደመ፣ ማን ተከተለ ይላል እንጂ በስንት እጥፍ እንደተራራቁ አይናገርም። «ደረጃ»ም ከሆቴል ኮከብ እስከ ሥራ ተቋራጭ ፈቃድ ተሸክሞ ወገቡ የጎበጠ ቃል ነው። ጠንካራው ተፎካካሪ «ማዕረግ» ነው፤ ሥሩ የግእዙ «ዐረገ» ነው፤ ወጣ፣ ከፍ አለ፤ «ዕርገት»ም ከዚያው ይወለዳል። ዛሬ ግን ማዕረግ ሲባል ቀድሞ የሚታየው የሻለቃው ትከሻና የተመራቂው ጋዋን ነው።

«እርከን» ሁሉንም ያስንቃል። ገበሬ ዝናብ አፈሩን እንዳይወስድበት ዳገቱን እየቆረሰ የሚሠራው ነው፤ ዩኔስኮ በ2011 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የመዘገበውን የኮንሶን መልክዓ ምድር ያየ፣ ቃሉን ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም። «የእርከን ቁመት ግን ተቀራራቢ ነው፤ እዚህ እያንዳንዱ ከሥሩ ካለው ዐሥር እጥፍ ይሆናል» የሚል ይነሣል። ልክ ነው፤ ስለዚህ ሙሉ ስሙ «የዐሥር እርከን» ይሁን። ለዐሥር ሺህ «እልፍ» የሚል ቃልና ፼ የሚል ምልክት ከግእዝ የወረሰ ቋንቋ፣ አራተኛውን እርከን በስሙ መጥራት ከጀመረ ዘመናት አልፈዋል።

ቃሉ ሥራ ላይ ይዋል። ከሰው ቁመት እስከሚታየው ዩኒቨርስ አግድመት፣ ማለትም እስከ 93 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ፣ ከ26 የዐሥር እርከን በላይ ይወጣል። በጊዜስ? ከ80 ዓመት ዕድሜ እስከ ዩኒቨርስ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ያለው ስምንት ብቻ ነው! ሰው በቦታ ኢምንት ነው፤ በጊዜ ግን የሚፈራውን ያህል አላነሰም። እንዲህ ያለውን ንጽጽር «ትዕዛዝ» በሚል ቃል ማን ደፍሮ ይጽፈዋል?

አንድ ምሳሌ ይጨመር። ከአንድሮሜዳ ጋላክሲ ዛሬ ማታ ዓይን ላይ የሚያርፈው ብርሃን ጉዞ የጀመረው ከ2.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ አፋር ውስጥ ጎና ላይ የተገኙት የድንጋይ መሣሪያዎች ዕድሜም 2.6 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። ይህን የሚያስተምር መምህር «ሁለቱ አንድ እርከን ላይ ናቸው» ብሎ ወደሚቀጥለው ገጽ ያልፋል።